ከፑሌጃው የሚያመልጥ ቺንጋ

ባለፈው ሐምሌ አጋማሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ በነጋ በአንድ ማለዳ፣ የምሠራበት የጣና ዳር ሎጅ የሣር ማጨጃ በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ቺንጋውን፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ስለቶቹ የሚያደርሰውን የጎማ ቀበቶ፣ ጣለ። ማጨጃው ተቀምጠው የሚነዱት፣ ከሩቅ ለሚያየው ትንሽ ትራክተር የሚመስል ማሽን ነው። በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል የሚበልጡኝ አትክልተኛችን በአራተኛው ጊዜ ከመቀመጫው ወርደው፣ ጥቁሩን ቺንጋ እንደ ሞተ እባብ በእንጨት አንጠልጥለው እስከ ዕቃ ቤቱ በር ድረስ አመጡልኝና፣ «እንካ ልጄ፣ ይኼ ነገር ከእኔ ጋር መኖር አልፈለገም» አሉኝ። እኔም ቺንጋው ያረጀ መስሎኝ፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ ነገ አዲስ እንገዛለታለን» ብዬ መለስኩላቸው። ነገሩ በአዲስ ቺንጋ የሚያልቅ እንዳልነበረ የገባኝ ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

በሎጁ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የውኃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ በመሆኑ፣ ማጨጃው ሌላ የሚረከበው ሰው ስላልነበረ በእጄ ወደቀ እንጂ የተማርኩት ሙያ አይደለም። ማሽኑም አገልግሎ የመጣ፣ መመሪያ መጽሐፉ የጠፋ፣ ከጎኑ የተለጠፈው የሞዴል ቁጥር በፀሐይ ታጥቦ የማይነበብ ነው። በአገራችን እንዲህ ዓይነት ማሽን በብዛት ባይኖርም፣ የሆቴል፣ የዩኒቨርሲቲና የስፖርት ሜዳ ሣር የሚንከባከቡ ባልደረቦች ስላሉ፣ ለእኔ ስድስት ሳምንት የፈጀብኝን እነርሱ በአንድ ከሰዓት እንዲጨርሱት በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። የሞተሩ ዘንግ ወደ ታች የቆመ ሲሆን፣ ከጫፉ ላይ ሁለት ፑሌጃዎች፣ ማለትም ቺንጋ የሚሮጥበት ጉድጓድ በዙሪያቸው ያላቸው መንኮራኩሮች፣ ተደራርበው ታስረዋል፤ በአንዱ የሚዞረው ቺንጋ ጎማዎቹን ያንቀሳቅሳል፣ የሌላው ቺንጋ ደግሞ ወደ ዴኩ ይሄዳል። ዴክ የሚባለው በማሽኑ ሆድ ሥር እንደ አክንባሎ የተደፋው ወፍራም የላሜራ ሽፋን ነው፤ የእኛው ስፋቱ 42 ኢንች፣ ማለትም 107 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከሥሩ ሁለት ስለቶች አሉት። እያንዳንዱ ስለት የራሱ ዘንግ፣ እያንዳንዱም ዘንግ በላይኛው ጫፉ ፑሌጃ አለው። አንድ ረጅም ቺንጋ ከሞተሩ ተነሥቶ ሁለቱን የስለት ፑሌጃዎች ዞሮ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ፣ በሚወዛወዝ ክንድ የተያዘና ቺንጋውን በጀርባው የሚጫን ጠፍጣፋ ፑሌጃ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ቴንሽነር ይሉታል፣ እኔ ወጣሪ እለዋለሁ። ነጂው የስለት ማንሻውን ሲገፋ ሞላው ክንዱን ይስባል፣ ወጣሪው ቺንጋውን ይጫናል፣ ስለቶቹም መዞር ይጀምራሉ። ማንሻው ሲመለስ ቺንጋው ይላላና ሞተሩ እየዞረ ስለቶቹ ይቆማሉ። ቺንጋው በላላበት ሰዓት ከፑሌጃው እንዳያመልጥ በየፑሌጃው ጎን ጣት የሚያክሉ ጠባቂ ብረቶች ተተክለዋል። ስለቶቹ በደቂቃ ከ3,000 ጊዜ በላይ ስለሚዞሩ፣ 12 ሳንቲ ሜትር በሚያህል ፑሌጃ ላይ የሚሮጥ ቺንጋ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ወደ ጎንደር ከሚሄድ ሚኒባስ አይተናነስም ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሁለት ሚሊ ሜትር መዛነፍ ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የተፈጸመው ሱቅ ውስጥ ነው። በከተማችን የማጨጃ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም፤ ቺንጋ ግን የሚጠፋ ነገር አይደለም፣ ወፍጮ ቤቶች በየወሩ ይገዙታልና። አሮጌውን ቺንጋ ይዤ አለመሄዴ ጥፋት ነበር፤ ከጀርባው ካለው ጽሑፍ ያልጠፋውን «98» የሚል ቁጥር ብቻ በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ባለሱቁ፣ «ኤ ነው ቢ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር መሆኑን ስለማውቅ «ኤ» አልኩት፤ ቢ የሚባለው 17 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወፍጮዎች ላይ የሚታየው ወፈር ያለው ነው። ኤ98 ቺንጋ አውጥቶ ሰጠኝ። ወስጄ አጠለቅሁት፤ ሲገባ ምንም አልታገለኝም፣ እኔም በቅለቱ ደስ አለኝ። መጠርጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር።

ችግሩ የቁጥሩ አነባበብ ነው። ኤ98 ሲባል 98 ኢንች የሚለካው በቺንጋው የውስጥ ዙሪያ ነው፤ በውጭ በኩል ሲለካ ሁለት ኢንች ያህል ጨምሮ 100 ኢንች ይደርሳል። በአሮጌው ቺንጋ ላይ የነበረው ሙሉ ጽሑፍ ግን፣ በኋላ በባትሪ ብርሃን አገላብጬ እንዳየሁት፣ 4ኤል980 የሚል ነበር። በዚህኛው አጻጻፍ 4ኤል የሚለው የግማሽ ኢንች ስፋትን ሲያመለክት፣ 980 ደግሞ የውጭው ዙሪያ 98.0 ኢንች መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ ከወፍጮ ሱቅ መጠየቅ የነበረብኝ ኤ98 ሳይሆን ኤ96 ነበር ማለት ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር የረዘመ ቺንጋ ገዝቼ ወጣሪው ሊወጥረው የማይችለውን ልቅነት በገዛ እጄ ጨመርኩበት። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም ነበር፤ ሁለቱን ቺንጋዎች በአንድ ምስማር ላይ ጎን ለጎን ብሰቅላቸው፣ አሮጌው በሥራ ብዛት የተለጠጠ ሆኖ ሳለ እንኳን፣ አዲሱ አንድ አውራ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተንጠለጠለ። ቺንጋው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ በሲሚንቶ ወለል ላይ አንድ ሙሉ ዙር ማንከባለልና የተጓዘውን በሜትር መለካትም የውጭውን ዙሪያ በቀጥታ ይሰጣል፤ አዲሱ 254 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፣ መሆን የነበረበት 249 ነው።

ይህን ከማወቄ በፊት ግን ሁለተኛውን ስሕተት ሠርቼ ነበር። ቺንጋው ሲላላብኝ ሞላው የደከመ መሰለኝና፣ የሞላው ጫፍ የሚታሰርበት ብረት ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አርቄ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ሞላው ሲጠልቅ ተወጥሮ እንደ ክራር ጅማት ጮኸ። በዚያ ቀን ማጨጃው ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ አዲስ ሠራ፤ ከዚያም የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ፣ ቺንጋውም ከመውጣት አልፎ በጉድጓዱ ውስጥ ተገልብጦ ጀርባው ወደ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሳስበው ውጥረቱን በመጨመር በሽታውን አባብሼው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሠራውን አንድ ጥፋት በግልጽ ልናገር። የወጣውን ቺንጋ ለመመለስ ካቻቢቴ ከሥሩ አስገብቶ፣ ፑሌጃውን እያዞሩ በግድ ማስገባት የተለመደ ነው። ቺንጋው ሲገባ ዳኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ጭነቱን የሚሸከሙት ከጎማው ውስጥ የተቀበሩት ክሮች ናቸው፣ እነርሱም በካቻቢቴው ጫፍ ላይ ተጠምዝዘው ከውስጥ ይበጠሳሉ። ከውጭ አይታይም። በአንድ ወገኑ ክሩ የተበጠሰ ቺንጋ ግን ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አይሮጥም፣ በጉድጓዱ ውስጥ እየተገለበጠ ያስቸግራል። ትክክለኛው መንገድ ክንዱን በመጎተት ወጣሪውን ማላላት ወይም ዴኩን ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርዶ ቺንጋውን በእጅ ማልበስ ነው።

ነሐሴ ሲገባ፣ መግዛቴን ትቼ ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ቁልፉን ነቀልኩ፣ የካንዴላውን ገመድ ፈትቼ ወደ ጎን አሰርኩ፤ ይህን ሳያደርግ ከዴክ ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው ስለ ጣቶቹ ግድ የሌለው ብቻ ነው። ከዚያ የወጣውን ቺንጋ በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከዳር እስከ ዳር ዳበስኩት። ሁለቱም ጎኖቹ እንደ መስታወት ቢያብረቀርቁ ኖሮ መንሸራተት ነው እል ነበር፤ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ቢሆን ዕድሜ ወይም ሙቀት ነው እል ነበር። የእኛው ቺንጋ ግን አንዱ ጠርዝ ብቻ፣ የላይኛው፣ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተተልትሎ ክሩ ወጥቶ ነበር፤ ሌላው ጠርዝ ምንም አልነካውም። አንድ ወገን ብቻ የሚበላ ቺንጋ ከመንገዱ ላይ የሆነ ቦታ በጎኑ የሚታሽበት ነገር አለው ማለት ነው። በዴኩ ላይ ስመለከትም ጥቁር የጎማ ብናኝ እርጥብ ሣር ላይ ተጣብቆ እንደ ቡና አተላ ተከምሮ አገኘሁት፤ የተከመረው ግን በሁሉም ፑሌጃ ሥር ሳይሆን በወጣሪው ሥር ብቻ ነበር።

አትክልተኛው አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እኔ ከጀመርን ጀምሮ አንድ ነገር ስነግርህ አልሰማኸኝም» አሉ። «ወደ ሐይቁ ስወርድ አይወጣም። የድንጋዩን መንገድ ስሻገር ነው የሚወጣው።»

እውነታቸውን ነበር፤ ነግረውኝ ነበር፣ እኔ አልሰማሁም። ግቢያችን ከላይ እስከ ውኃው ዳር ድረስ የሚወርድ ሣር ሲሆን መካከሉን የኮብልስቶን መንገድ ያቋርጠዋል። መንገዱን ለመሻገር ዴኩን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጉታል፣ ድንጋይ እንዳይነካ። ስለቱን ግን አያጠፉም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ካጠፋሁት በኋላ እንደገና ሳስነሣው እያጉረመረመ አይዞርልኝም፤ ስለዚህ እንደ ዞረ አሻግረዋለሁ» አሉኝ። እንግዲህ ዴኩ ከፍ ሲል በሞተሩ ፑሌጃና በዴኩ ፑሌጃዎች መካከል ያለው አንግል ይለወጣል፤ ቺንጋው በተዛነፈ መንገድ ላይ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፣ የተዛነፈ ወጣሪ ሲጨመርበት ደግሞ መውጣቱ አይቀርም። እርሳቸው ስለቱን የማያጠፉት እኔ የገዛሁት ረጅም ቺንጋ ሲነሣ ስለሚንሸራተት ነው፤ ስለማያጠፉት ደግሞ ቺንጋው ይወጣል። እኔ ደግሞ በልቤ «አነዳዳቸው ነው» ስል ከርሜ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ሳቁና ወደ ጽጌረዳዎቻቸው ሄዱ።

ኤ96 ገዝቼ ሞላውንም ወደ ቀድሞ ቀዳዳው መለስኩ። ነገሩ በግማሽ ተሻለ፤ ቺንጋው በአሥር ደቂቃ ይወጣ የነበረው በአርባ ደቂቃ ሆነ። ይህ መሻሻል ሊያታልለኝ ነበር።

የብረት ማስመሪያ ይዤ ወጣሪውን ከስለቱ ፑሌጃ ጋር አስተያየሁት። ቀጥ ያለ ነበር፣ ምንም ክፍተት የለም። ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ሁለት ጊዜም ቀጥ ያለ ሆነ። ተስፋ ቆርጬ ማንሻውን ወደ ሥራ ቦታው ገፍቼ ስተወው፣ ሞላው ክንዱን ሳበውና ማስመሪያው ከእጄ ላይ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ዝቅ ብዬ ተመለከትኩ፤ ወጣሪው በጭነት ሥር አንገቱን ሰበር አድርጎ ነበር። 11 ሳንቲ ሜትር በሚያህለው ፑሌጃ በአንዱ ጠርዝ በኩል ከማስመሪያው ሥር ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተከፈተ፤ ይህ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ቺንጋ ደግሞ የሚችለው መዛነፍ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ማንሻውን መለስኩት፤ ወጣሪው ቀና አለ። ገፋሁት፤ ዘመም አለ። እንደ ልጅ አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለካ የነበረው ማሽኑ ባረፈበት፣ ቺንጋው በላላበት ሰዓት ነበር፤ በሽታው ግን የሚታየው ሲወጠር ብቻ ነው። ሞላውን አጥብቄ በነበረ ጊዜ ነገሩ ለምን እንደባሰ አሁን ግልጽ ሆነልኝ፤ ሞላው በሳበ ቁጥር ወጣሪው ይበልጥ ይዘም ነበር፣ ቺንጋውም ወደ ጠርዙ ይበልጥ ይገፋ ነበር።

ክንዱን ፈታሁት። የሚወዛወዝበት ቡሎን ለስላሳና ጤነኛ ነበር፤ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን ክብ መሆኑን ትቶ እንቁላል መስሏል። 12 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት በአንድ አቅጣጫ 14 ሆኗል፣ ውስጡም ግራሶ ካየ ዘመን የሌለው ደረቅ ዝገት ነበር። ሮንዴላ ደራርቤ ላስተካክለው አሰብኩ፤ ግን ሮንዴላ የሚሞላው የላይና የታችን ክፍተት እንጂ የጎኑን አይደለም። ስለዚህ ክንዱን በከረጢት ይዤ በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሬ ዓባይ ማዶ ወደሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው፣ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመውን የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ጠቅሰው እጃቸውን እዚያ እንዳፈቱ በኩራት የሚናገሩ አዛውንት ናቸው፤ ክንዱን ወደ መብራት አንሥተው በቀዳዳው አየት አደረጉና፣ «ይኼ በብረት ላይ ብረት ሲፈጭ የኖረ ነው፤ የነሐስ ቦኮላ ይፈልጋል» አሉኝ፤ ቦኮላ በቀዳዳው ውስጥ የሚገባ፣ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት ነው። ቀዳዳውን ወደ 16 ሚሊ ሜትር አስፍተው ክብ አደረጉት፣ ከነሐስ ያዞሩትን ቦኮላ በሞርሳ ተጭነው አስገቡት፣ ለግራሶ መግቢያ የምትሆን ትንሽ ቀዳዳም አከሉበት። ቡሎኑ ሲገባ አየር የሚያስወጣ ያህል ልክክ ብሎ ነበር።

ክንዱ በተፈታበት አጋጣሚ የቀረውንም አየሁ። ዴኩን አንድ ጎኑን ከፍ አድርጌ በእንጨት ካስደገፍኩ በኋላ፣ በስለቶቹና በዘንጎቹ ቤት መካከል ያለው ክፍተት በሰርዶ ተሞልቶ አገኘሁት። ሰርዶ በጣና ዳር ለግቢ ሣር የሚሆን ብርቱ ሣር ነው፤ የሚሳበው ግንዱ ግን እንደ ሲባጎ ጠንካራ ስለሆነ በዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ፣ ደርቆ፣ እንደ ተፈተለ ድር ሆኖ ነበር። በቢላ ቆርጬ ስነቅለው እፍኝ ሙሉ ወጣ። ከላይም በፑሌጃዎቹ ሽፋን ሥር የታጨቀው እርጥብ ሣር ከውኃው ዳር ከተቀላቀለ የደንገል ቅርፊት ጋር ተጋግሮ ቺንጋውን ከሥር እስኪነካ ደርሶ ነበር። ክረምት ላይ ይህን በየሳምንቱ ማጽዳት ግድ ነው። ከጠባቂዎቹ ብረቶች አንዱ ደግሞ፣ ምናልባት ከግቢው መሬት ብቅ ብቅ ካሉት ጥቁር ድንጋዮች በአንዱ ተመትቶ፣ ወደ ውጭ ታጥፎ ከፑሌጃው አንድ ጣት ያህል ርቆ ቆሞ ነበር፤ መልሼ አቃንቼ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል እንዲቀርብ አደረግኩት። ጠባቂው ቺንጋውን የማይነካው፣ ሊወጣ ሲል ግን የማያሳልፈው መሆን አለበት።

ሁሉንም መልሼ ካሰርኩ በኋላ ማንሻውን ገፍቼ ማስመሪያውን አስጠጋሁ። ክፍተቱ ምላጭ የማያስገባ ሆነ። በማግስቱ አትክልተኛው ከጠዋት እስከ ምሳ ያለማቋረጥ አጨዱ፤ የድንጋዩን መንገድ ሲሻገሩም ስለቱን አጥፍተው፣ ተሻግረው፣ እንደገና አስነሡት፣ ሳያጉረመርም ዞረላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቺንጋው አልወጣም፤ መስከረም ላይ ሐይቁ ሞልቶ የታችኛው ሣር እንደ ስፖንጅ በራሰበት ጊዜም አልወጣም።

ቺንጋውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ለእነዚህ ማጨጃዎች ተብሎ የሚሠራው ቺንጋ በአብዛኛው ክሩ አራሚድ ነው፣ ኬቭላር በሚል ስም የሚታወቀው ዓይነት፤ አይለጠጥም፣ ሲነሣና ሲቆምም የሚደርስበትን መንሸራተት ይችላል። ከወፍጮ ሱቅ የሚገዛው ኤ96 ግን ብዙውን ጊዜ ክሩ ፖሊስተር በመሆኑ ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ይለጠጣል። ስለዚህ ኤ96 ይበቃል፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ክንዱ የት ድረስ እንደሚሄድ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ተከታትዬዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ ቺንጋው ረዝሟል ማለት ነውና።

አሁን ያሳሰበኝ የግራው ስለት ዘንግ ነው። ቅዳሜ ዕለት ቺንጋውን አውልቄ ስለቱን በእጄ ሳዞረው ቀኙ ያለ ድምፅ ሲንሸራተት፣ የግራው ግን አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ ኮርር ይል ነበር። ፈትቼ ሳየው ኩሽኔታው 6203 ነው፤ የውስጡ ቀዳዳ 17፣ የውጭው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ በየኤሌክትሪክ ሞተሩ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት። ሁለት ፍሬ አስመጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ አትክልተኛው ሰኞ ማለዳ ሣሩን ሳይጀምሩ እቀይረዋለሁ።